ሚካኤል የሚባለው ለጊ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14። ጠዋት 3 ሰዓት።

የት/ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል። አንባቢ የለም። ከተመለሱት መጻሕፍት አንዱ ውስጥ የሩዝ ገለባ እንደ ዕልባት ገብቷል፤ ገጽ ዐሥራ ሁለት ላይ። ፎገራ ላይ ንባብ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ይቆማል። አጨዳ ይደርሳል።

ደብተሬ፣ ዛሬ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። ሳልጠየቅ። የገና በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ጸሐፊ ቢራራ ስልኩን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ይዞ መጣ። አሜሪካኖች ቤዝቦል በሚሉት ጨዋታቸው በዕድሜ ዘመኑ አብዝቶ የመታው ማን እንደሆነ፣ የሞተውንም ያልሞተውንም በተራ ደርድረው አስቀምጠዋል አለኝ። እኛስ? በገና በትር ጥንግ፣ ያችን ድቡልቡል እንጨት፣ ስንለጋ የኖርን ሰዎች፣ ዝርዝር የለንም! ስለዚህ በበዓሉ ዕለት ሜዳው ዳር ሰሌዳ ይሰቀላል፦ የፎገራ የምንጊዜም ለጊዎች። ማጣራቱ የኔ ሥራ። መጻሕፍት የሚደረድር ሰው ሙታንን መደርደር አያቅተውም ብሎ ይሆናል።

እነዚያ እኮ በየጨዋታው ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ነበራቸው አልኩት። የኛን ያዩት በሬዎች ናቸው። አልሳቀም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16።

ቢራራ ሽማግሌዎችን ዞሮ ጠይቆ ያዘጋጀው ረቂቅ ደረሰኝ። አንደኛ፦ ሚካኤል። የሚቀርበው የለም። የአባት ስም፣ ባዶ። ስልክ፣ ባዶ። ጎኑ ላይ በቀይ፦ ይህ ግለሰብ በአስቸኳይ ይፈለግ።

ሁለቴ አነበብኩት። ግለሰብ! ሚካኤል ማለት ቁሐር ሚካኤል ነው፤ ቀበሌው፣ ደብሩ፣ ታቦቱ። የኛ ሽማግሌዎች ጥንጓ ወሰን ስታልፍ ማን ለጋት ቢባሉ የሰው ስም አይጠሩም። ወገኑን ነው የሚጠሩት። ሚካኤል ለጋት። አለቀ። ቢራራ ግን ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰው ነውና ሚካኤል የሚባለው መቼ ተወለደ ብሎ ጠይቋል። አንዱ አባት ኅዳር 12 ይነግሣል ብለውታል። ልደት በሚለው ሥር በጥንቃቄ አስፍሮታል።

ከሰዓት ደውዬ አስረዳሁት። እንግዲያው ሚካኤልን ለየሰዉ አከፋፍይው አለኝ። እንደ ቅርጫ ሥጋ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19። ቁሐር።

አባቴ፣ አባባ፣ ስለ ሰሌዳው ሰምተዋል። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ሜዳው ላይ ወሬ ከውኃ ይፈጥናል። ጺማቸውን ተላጭተው፣ ነጭ ለብሰው ጠበቁኝ። በዘመናቸው የሚካኤል ወገን አለቃ ነበሩ፤ ጨዋታውን የሚመሩት እሳቸው። ሚካኤል የሚሉት እኔን ነው አሉ። እንዲያው በትሕትና።

ልከራከር ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን አየሁ። የግራው ጠፍቷል፣ የቀኙም እየደፈረሰ ነው። "ይኸ የቀረኝ ሳይዘጋ ስሜን ሰሌዳው ላይ ልየው" አሉ። ምን ይባላል?

ችግሩ የኮሚቴው ደንብ ነው። ምት የሚቆጠረው የተለጋበት ወገን ሲመሰክር ብቻ ነው። የራስህ ወገን ምስክርነት እንደ እናት ምስክርነት ነው። ከአባባ ጋር ይገጥሙ ከነበሩት የይፋግ ሰዎች ደግሞ በሕይወት ያሉት አንድ፤ መሪጌታ ወንዴ። አባባ በገና ዕለት የፊት ጥርሳቸውን በበትር አውልቀውባቸዋል። በገና መቀየም ነውር ስለሆነ መሪጌታ አልተቀየሙም። ከዚያ ወዲህ ግን አይነጋገሩም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22።

መንገዱ ክፍት ነው ሲባል በሚኒባስ ይፋግ ሄድኩ። መሪጌታ ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ከንፈራቸውን ገልጠው ክፍተቱን አሳዩኝ። እንደ ሰላምታ። ከዚያ ምሳ ካልበላሽ ብለው አስጨነቁኝ። በላሁ። ምስክርነቱን ጠየቅሁ። "አባትሽ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ፤ ጥርሴን ይዞ ባይመጣም ግድ የለም።"

ሌላ ቃል የለም። በሽሮ ተሸኘሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 23።

አባባ፦ እኔ? ይፋግ? እሱ ዘንድ?

አንድ ሰዓት ሙሉ ይህንኑ። ጉልበቴ፣ አቧራው፣ የሚኒባሱ ወንበር። ደብተሬ፣ እኔ የሁለት ሽማግሌዎች ፖስተኛ ሆኛለሁ። ሰሌዳው ይቃጠል። ቤዝቦልም ይቃጠል። ቅዳሜ አስረክቢ ተብያለሁ፤ በእጄ ያለው አንድ መልአክ ብቻ ነው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 25። ከምሳ በኋላ፣ ከይፋግ መልስ።

አባባ ሄዱ። ጎሕ ሲቀድ ራሳቸው ቀሰቀሱኝ።

እንዳለ ልጻፈው። አባባ ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ የመጣሁት ለምስክርነት ነው አሉ፤ ለይቅርታ እንዳይመስል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። መሪጌታ አስቀመጧቸው። ከዚያ ሳይለመኑ ጀመሩ። ሜዳው ሳይደርቅ በጭቃ የተጫወቱበት ዓመት፣ ሚካኤል ለጋት፣ አየሁ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ያልተበገሩበት፣ ሚካኤል ለጋት፣ አየሁ። አንዱንም አልከለከሉ። አንዱንም አልተከራከሩ። ሁሉንም ለአባባ ሰጧቸው። እኔ እየጻፍኩ እጄ ዛለ።

አባባ ግን ደስ አላላቸውም። አንገታቸው እየተደፋ ሄደ። መጨረሻ ላይ ግማሹ የአዳነ ነው አሉ። ቀጥለውም፣ ግማሹም አይደል፣ የሚበዛው።

አዳነ የአባባ ታላቅ ወንድም ነው። እኔ ሳልወለድ ወባ የገደለው። ግራኝ እንደነበረ እንኳ ዛሬ ሰማሁ። ሲለጋ ሚካኤል ለጋት ይባላል፣ የሚካኤል አለቃ ደግሞ አባባ ናቸው፤ ከሞተ በኋላ ወሬው ሁሉ እሳቸው ላይ ተጠቃለለ። እሳቸውም ዝም አሉ።

መሪጌታ ቀና እንኳ አላሉም። "ግራኙን እኔ ላጣው? ይችን ጥርስ ያወለቀ ማን ሆነና! አንተ እኮ እሷንም በስምህ ይዘሃት ዞርህ።"

ለካ ኩርፊያው ይኸው ነው። ስለ ጥርሱ አይደለም። ጥርሱን ማን እንዳወለቀው ነው። አርባ ዓመት! ሁለት ጤነኛ ሰዎች!

 

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26። 4 ሰዓት።

ዝርዝሩን በወፍራም ብዕር፣ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት። አባባ ወረቀቱን ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠጉ፤ አልሆነላቸውም። አንብቢው አሉ። አንደኛ፣ አዳነ አልኩ። ድገሚው። ደገምኩ። ሁለተኛ ብዬ ስጀምር ተነሥተው ከብቶቹን ሊያዩ ወጡ።

ቢራራ አሁን ደወለ። የአንደኛው ፎቶግራፍ የታለ? የለም፤ ፎቶ የሚባል ነገር አልተነሣም። እንግዲያው የአባትሽን ስጭኝ፣ ወንድማማች አይደሉ፣ ከሩቅ ማን ይለያል፣ ቦታው ባዶ ሆኖ ያስጠላል ይለኛል።

አይሆንም አልኩት። ባዶውን ይሰቀል።