ስለ ደረጃው መደገፊያና ስለ በዓሉ መብራት

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ነገ ከአማቶችዎ ዘንድ ሲመለሱ ሕንፃውን በቦታው እንደሚያገኙት ያለኝን ተስፋ በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሸሚዝዎን ኮሌታ ሁለት ጊዜ ስለገለበጥኩልዎ ሳያስታውሱኝ አይቀሩም።

ሰኞ ዕለት ከመሄድዎ በፊት ሕንፃችንን በባለ ቀለም የበዓል መብራት ስላንቆጠቆጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ደስታው ከአቅሜ በላይ ስለሆነብኝ ጥቂት ነጥቦች ላቀርብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፦ በየበረንዳችን የዘረጉት መብራት የመጣበትን ካርቶን በሬ ላይ ተጥሎ አግኝቼው «ለቤት ውስጥ ብቻ» የሚለውን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ዝናቡ ግን ማንበብ ስለማይችል ማክሰኞ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እንደ ልቡ ሲወርድበት ዋለ።

ሁለተኛ፦ ስድስት ገመድ አንዱን ባንዱ ጫፍ ቀጥለው፣ ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ ሰክተው፣ የቆጣሪውን ክፍል ቆልፈው ቁልፉን በኪስዎ ይዘው መሄድዎ ለንብረት ያለዎትን ጥንቃቄ ያሳያል። በዚህም የተነሳ መብራቱን ማጥፋት የሚችል ሰው ሕንፃው ውስጥ የለም። ሃያ ዓመት በካውያ የኖርኩ ሰው ነኝና ሊያር የደረሰ ነገር ሽታ አይጠፋኝም፤ ያ ሽታ ከቆለፉት በር ሥር እየወጣ ነው። ዘበኛችን በሩን ልስበር ወይ ብሎ ሲደውልልዎ ቀለሙ ገና አዲስ መሆኑን ስላስታወሱት እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፦ «የተላጠ ገመድ ለሕይወት አደገኛ ነው» የሚለውን፣ በላስቲክ የተለበጠ ውብ ማስጠንቀቂያዎን ሁላችንም አንብበናል። ይህንኑ ማስጠንቀቂያ በቀጭን ሽቦ ከደረጃው የብረት መደገፊያ ጋር ጥርቅም አድርገው ሲያስሩት፣ እዚያው የተጠመጠመውን የመብራት ገመድ አብረው አንቀውት ሽቦው ልባሱን በልቶ ገብቷል። ገመዱን የላጠው ማስጠንቀቂያው ራሱ ስለሆነ እውነተኛነቱን የሚጠራጠር ነዋሪ የለም።

የሚቀጥለውን በቁጥር ማስቀመጥ አልሆነልኝም። እናቴ ዓይኗ ስለደከመ ያንን መደገፊያ ይዛ በየማለዳው አርባ ሁለት ደረጃ ወርዳ ፀሐይ ትሞቃለች። ሐሙስ ጠዋት ብረቱን ገና ስትነካው ኤሌክትሪክ መታት፤ ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። በስልክ ስነግርዎ እማማ እጃቸው ረጥቦ ይሆናል ብለው መለሱልኝ። እርግጥ ነው፣ ረጥቦ ነበር፤ ፊቷን ታጥባ መውጣቷ ነበር፤ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ፊቱን መታጠብ እንደሌለበት ባለማወቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ጎረቤቶቻችን ግድግዳውን ታከው ይወጣሉ፤ እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከደጃፋችን አላለፈችም። በመስኮት እያየች ያ ብረት አሁንም ይይዛል ወይ ብላ ትጠይቀኛለች። ክቡርነትዎ፣ ተቆጥቻለሁ፤ ከመቆጣቴም ይልቅ ፈርቻለሁ።

ስለዚህ ሻንጣዎን ከማስቀመጥዎ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው እንዲያጠፉ፣ ገመዱንም ከመደገፊያው ላይ እንዲያነሱ እለምናለሁ። ማስጠንቀቂያው ይቆይ፤ ተምረንበታል።

ስለ ድምቀታችን እንቅልፍ ላጡልን፣ ሄደውም እኛን እንቅልፍ ላሳጡን ለእርስዎ ያለኝን የማይበርድ አክብሮት እየገለጽኩ፣

የሦስተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦ ግድግዳ ታከው ለሚወጡ ነዋሪዎች በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምንም አደጋ የለውም የሚል መልስ ካለዎት በአካል ቢያመጡልን ደስ ይለናል። ሲመጡ እባክዎ መጀመሪያ ፊትዎን ይታጠቡ፤ ከዚያም መብራቱን ሳያጠፉ፣ መደገፊያውን እንደ እናቴ በባዶ እጅዎ ይዘው ይውጡ። በሩን ከፍታ ትጠብቅዎታለች።