ጋሼ መኮንን ሲገቡ ብድግ ያልን ቀን

ተሼ የኔ ጌታ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ፤ የእሱንም ጉድ ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት።

ቤቱ እንደተውከው ነው ብዬ አልዋሽህም። ጋራዥ ውስጥ ገልብጬ ባስቀመጥኩት የብየዳ ጭንብልህ ውስጥ የጎረቤት ድመት ሁለት ወልዳበታለች። ልጅህ ሶስና አውጥተን እንጣለው ብትለኝ፣ አራስ ከቤት አይባረርም ብዬ እምቢ አልኩ። በእንግሊዝኛ አጉረመረመችብኝና ወተት ይዛ መጣች።

ዋናው ወሬ ግን ያ የካርቦን ጭስ ነገር ተመልሶ መምጣቱ ነው። አዎ፣ አንተና ጋሼ መኮንን የተኳረፋችሁበት። በዚህ በሰው አገር አሥራ ስምንት ዓመት ከሰፈራችን ከዳንደኖንግ እስከ ላትሮብ ሸለቆ፣ እዚያ እስካለው በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የመብራት ማመንጫ፣ በአንድ ባቡር ስትመላለሱ ክፉ ቃል ያልተለዋወጣችሁ ሰዎች፣ ማመንጫው ሊዘጋ ሲል በጭስ ተጣላችሁ። አንተ ጭሱን ይዘው በቧንቧ ከባሕሩ ወለል ሥር ቢከቱት ሥራችን ይተርፋል፣ ቧንቧውንም የምበይደው እኔ ነኝ ትል ነበር። እሳቸው ደግሞ ምርጫ በደረሰ ቁጥር የሚወጣ ወሬ ነው፣ ሠራተኛ ማባበያ ነው አሉ። አንተ ፈሪ አልካቸው፤ እሳቸው ሞኝ አሉህ። ማመንጫው ተዘጋ፣ ቧንቧውም አልመጣ፣ ኩርፊያው ብቻ ቀረ።

በቀብርህ ቀን ሳይመጡ ቀሩ። እኔን ከአባቴ የጠየቁልህ ሽማግሌ፣ አንተን ሥራ ያስገቡህ ሰው! ያን ቀን፣ ከእንግዲህ የትም ባገኛቸው ከመቀመጫዬ ላልነሣላቸው ማልኩ።

ባለፈው ሐሙስ በአሮጌው ማመንጫ ቦታ አዲስ ፋብሪካ ሊተክል የሚፈልግ ኩባንያ የቀድሞ ሠራተኞችን ዳንደኖንግ አዳራሽ ጠራ። ካርቦኑን ይዤ እቀብራለሁ ይላል። ሐሳብህን ስጠን የሚል ደብዳቤ በስምህ መጥቶ ነበር። መሞትህን የነገራቸው የለም መሰለኝ። ባንተ ፈንታ ሄድኩልህ።

እኛ ሐበሾች አሥራ አንድ ሆነን ከኋላ ተቀመጥን። ጾም ነው፣ ሳንድዊቹ ሁሉ ሥጋ አለበት፤ ስለዚህ ከሁሉም በላይ ስብሰባውን በጥሞና የተከታተልነው እኛ ነን። ኩባንያው የላካት ልጅ ከባሕሩ ሥር ያለው ድንጋይ ጭሱን እንዴት አምቆ እንደሚይዝ በሥዕል አሳየችን። አንዱ ካፈተለከስ ብሎ ጠየቃት። ጥሩ ጥያቄ ነው አለችና ሌላ ሥዕል አሳየችን።

በመጨረሻ፣ ዕቅዱን የምትደግፉ ተነሡና ልቁጠራችሁ አለች። ከእኛ በኩል ማንም አልተነቃነቀም። እኔም ባንተ ፈንታ ልነሣ ወይስ ልቀመጥ እያልኩ ሳመነታ የኋላው በር ተከፈተ። ባቡር ያዘገያቸው ጋሼ መኮንን፣ ሊቃወሙ የመጡት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። ከስተዋል ተሼ። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል።

አሥራ አንዳችንም ብድግ አልን። «ኖር!»

«በእግዜር፣ ተቀመጡ» አሉ።

ልጅቷ ፊቷ እየበራ አሥራ አንዳችንንም ቆጠረች። እሳቸውንም በሩ ላይ ቆመው ስላየቻቸው አሥራ ሁለተኛ ደጋፊ አደረገቻቸው።

ነገሩ ሲገባን ሳቃችን አልቆም አለን። አንዳንዶቻችን እንባችንን እየጠረግን ልጅቷ ዘንድ ሄደን አስረዳናት። ሽማግሌ ሲገባ መነሣት ደንባችን መሆኑን ለማስረዳት ካርቦኑን የመቅበር ያህል ጊዜ ፈጀብን። አሥራ አንዱን ሰረዘች። የጋሼ መኮንንን ልትሰርዝ ስትል ግን እጃቸውን አነሡ።

«የእኔን ተይው። ይሄ ድምፅ የተሾመ ነው።»

ከዚያ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ለካ በቀብርህ ቀን የመቃብር ስፍራው በር ድረስ መጥተው ነበር። ሳንታረቅ በሞተ ሰው ፊት እንዴት እቆማለሁ ብለው ከመኪናቸው ሳይወርዱ ተመለሱ። ይህን ሲነግሩኝ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ልጅቷ በዕቅዱ ደስ ብሎን መስሏት ውኃ አመጣችልን።

ተሼ፣ ያ ቧንቧ ይምጣ አይምጣ አላውቅም፤ አንተ ትክክል ነበርክ ብዬም ልምልልህ አልችልም። የማውቀው፣ ላልነሣ የማልኩት እኔ ከአሥራ አንዱ ቀድሜ የተነሣሁ መሆኔን ነው። በዚህ ጉልበቴ!

ቅዳሜ ጋሼ መኮንንን ይዣቸው መቃብርህ ጋ እመጣለሁ። ያን ጊዜ አንተ መነሣት ስለማትችል ባንተ ፈንታ እኔ እነሣላቸዋለሁ። በገቡበት ሁሉ፣ ዕድሜ ልኬን፣ ከእንግዲህ ሁለት ጊዜ ነው የምነሣው፦ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ላንተ።

ባለቤትህ አልማዝ