ከቆጥ የወረዱት ምሳሮች

ማክሰኞ
አባዬ ዛሬም እህል አልቀመሰም። ገንፎ ሠርቼ ባቀርብለት «ለደኑ ስጪው» አለኝ። የእሑዱ ማዕበል ከከሚሴ በላይ ያለውን፣ በጥንቱ ሼኽ ስም የሚጠራውን የሼኹን ደን አተራምሶታል። ወይራው፣ ዋንዛው ተዘርሯል፤ ጎርፉ ቁልቁለቱን ቦርቡሮታል። ቶሎ ካልተከተረ የቀረውም ዛፍ ተነቅሎ ቦርከና ወንዝ ይገባል። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ደን ነው። እኔን እንኳ እንዲህ አልጠበቀኝም! ቀልዴን ነው። ትንሽ እውነትም አለው።

ረቡዕ
ደቦ ልጠራ ዞርኩ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለክረምት ተዘግቷል፣ ሰበብ የለኝም። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ጎረቤታችን አያ እንድሪስ ብቻ አልሸሸጉኝም፦ «ልጄ፣ አባትሽ ምሳሬን ከቀማኝ ስንት ክረምት አለፈ። በምኔ ልቁረጥ? በጥርሴ?»
ሳቅኩ። ከዚያ አፈርኩ። ከሼኹ ደን ጭራሮ እንኳ አይወጣም፤ ምሳር ይዞ የተገኘውን ሁሉ አባዬ ይቀማና ቆጥ ላይ ያስቀምጣል።

ሐሙስ
አባዬን ምሳሮቹን መልስ፣ ይቅርታም ጠይቅ አልኩት። ጮኸብኝ። «ሌባን ይቅርታ ልጠይቅ?» እኔም የማን ልጅ ሆኜ እመለሳለሁ! «የምትወደው ዛፉን ነው ምሳሩን?» አልኩት።
ከሰዓት ዘነበ። ሌላ ወይራ ሲገነደስ ከቤት ሆነን ሰማነው። አባዬ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ዓርብ
ከጁምዓ በኋላ አባዬ ምሳሮቹን በአህያ ጭኖ መስጊዱ ደጅ ዘረገፋቸው። የዛገ አለ፣ እጀታውን ምስጥ የበላው አለ። «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አለ። ያ ረቢ፣ እንዴት ጨነቀኝ!
አያ እንድሪስ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን አነሱ። ስለቱን በአውራ ጣታቸው ሞከሩት። «ይማም፣ መቀማት እንጂ መሳል አታውቅም እንዴ?» አሉት አባዬን። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ቅዳሜ
ለደቦው ከጨፋ ድረስ ሰዎች መጡ! በኦሮምኛ «ኮቱ! ኮቱ!»፣ ና ና እየተባባሉ። ወንዶቹ የወደቀውን ግንድ እየቆረጡ በቦረቦሩ ላይ አጋደሙት፤ እኛ ሴቶቹ ድንጋይና አፈር ሞላንበት። ለማገዶ አንድ ፍልጥ የወሰደ የለም። አባዬ እየዞረ ያይ ነበር፣ እሱንም ልጻፍ። ክንዴ ዝሏል። ደስ ብሎኛል።

እሑድ
ሌሊቱን ሲያወርደው አደረ። ሲነጋ እኔና አባዬ ሮጥን። አንድ ጥግ አፈትልኳል እንጂ ክትሩ ይዟል፣ አልሐምዱሊላህ።
ስንመለስ ምሳሮቹ በሙሉ ደጃችን ተደርድረዋል። አያ እንድሪስ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። «አንተው ጋ ይቀመጡልን። እኛ ጋ ካሉ ደኑ ያምረናል» አሉት።
«እኔ የናንተ ዕቃ ቤት ነኝ?» ብሎ ተቆጣ አባዬ። ይኸው አሁን ደጅ ቁጭ ብሎ፣ እያጉረመረመ፣ አንድ በአንድ ይስላቸዋል። ቅድም ደግሞ ቀና ብሎ «ያ ገንፎ የት ደረሰ?» አለኝ።