ለእኔ የተዘፈነው የጃፓን ዘፈን

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 2018

ለቀድሞው ወዳጄ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ስኳሩ ጋብ አለልህ? ጉልበትህስ? ሎስ አንጀለስ ብርድ ስለሌለ ለጉልበት ጥሩ ነው ይላሉ። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ደም ግፊቴ ከፍ ዝቅ ቢልም ሥራዬን አላስተጓጎለኝም፤ እዚያው የመኪና ማቆሚያው ውስጥ ቲኬት እቀበላለሁ። ሶሊም ደህና ናት። ባትጠይቀኝም እነግርሃለሁ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ደውለህ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ድምፅ ማጉያው፣ ስለነሥዩም ኮሚቴ አርባ ደቂቃ ስታወራኝ የልጅህን ስም አንዴም አላነሳህም።

ከዚያ ወዲህ ደጋግመህ ስትደውል ያላነሳሁት ፈርቼ ነው። በስልክ ድምፅህ ያሸንፈኛል። ስልሳ ዓመት ሞልቶኝም ያሸንፈኛል። ወረቀት ላይ ግን እኔ ብቻ ነኝ የምናገረው፤ ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

የጠየቅኸኝን አልረሳሁትም። ኮሚቴው አሌክሳንድሪያ አዳራሽ ይዞ የአርባ ዓመት የሙዚቃ ሥራህን ሊያከብርልህ ነው፤ እኔ ደግሞ መድረክ ላይ ወጥቼ ያ ዘፈን እንዴት እንደተወለደ ልናገር። በሰባ ስድስት ዓ.ም. አሰብ ወደብ ላይ፣ መርከባችሁ ጭነት ስታራግፍ፣ የእኔን ፎቶግራፍ እያየህ ዜማው ድንገት እንደመጣልህ። ሕዝቡ ከአንተ ይልቅ ከእኔ አፍ ቢሰማው ደስ ይለዋል አልከኝ። እኔም ሞኟ ደስ ብሎኝ እሺ አልኩህ፣ ቀሚስም ማማረጥ ጀምሬ ነበር።

ይህን ታሪክ ስንቴ እንደተረክሁት ብታውቅ! ባለፈው ክረምት ውድብሪጅ ሠርግ ተጠርቼ፣ ሙሽሮቹ በዚያው ዘፈን ሲገቡ፣ አጠገቤ የተቀመጠችውን የማላውቃትን ሴትዮ በክርኔ ነካ አድርጌ «ይሄ ለእኔ የተሠራ ነው» አልኳት። ሶሊ ከወዲያ በኩል ተቀምጣ ፈገግ ብላ ታየኝ ነበር።

ያ ዜማ ምን እንዳደረገኝ ደግሞ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ኪዳኔ ሽማግሌ ልኮ፣ አባቴ እሺ ብሎ፣ ቀን ተቆርጦ ነበር። ኪዳኔ አስተማሪ ነው፤ መዝፈን አይችልም። የሚችለው ጫማዬ ሲቀደድ ወስዶ ማሰፋት፣ ዝናብ ሲመጣ እቤት ድረስ ማድረስ ነበር። አንተ መጣህና ጊታርህን ይዘህ «ካንቺ የመጣ ነው» ብለህ ዘፈንክልኝ። በሳምንቱ የኪዳኔን ቀለበት በእኅቴ እጅ መለስኩ። አባቴ የሽማግሌዎቹን ፊት ማየት አቅቶት ክርስትና ሲጠራ እንኳ መሄድ ተወ። ከእኔ ጋር ሳይነጋገር እኔ አንተን ተከትዬ ካርቱም ሳለሁ ሞተ። እዚህ አምጥተኸኝ፣ ሶሊ በሦስት ዓመቷ ጥለኸን ስትሄድ አገር ምድሩ ሲረግምህ እኔ ብቻ ነበርኩ የምከራከርልህ። እንዲህ ያለ ዘፈን የሠራልኝ ሰው ክፉ አይደለም፣ ዕድሉ ነው እል ነበር።

አሁን ወደ ባለፈው ማክሰኞ ልምጣ። አለቃዬ ሠላሳ ያልሞላት ፈረንጅ ናት፤ ቢሮዋ ውስጥ ሙዚቃ አይጠፋም። የምትሰማው የጃፓን ዘፈን ነው። ብቻዋን አይደለችም፣ አሁን እዚህ የወጣቱ ሁሉ ወሬ እሱ ነው። ሳይወለዱ የተዘፈነ የጃፓን ዘፈን ከዩቲዩብ እየፈለጉ ያዳምጣሉ፤ ሸክላውን ሳይቀር ከዚያ ድረስ ያስመጣሉ። አንድ ቃል ሳይገባቸው አብረው ያንጎራጉራሉ። እኔ ሒሳብ ላስረክብ ገብቼ ቁጭ ስል አንድ አዲስ የመጣላት ሸክላ እየዞረ ነበር።

ከመግቢያው ነው ያወቅሁት። ሳክስፎኑ የሚገባበት ቦታ ሳይቀር ያው ነው። ዘልዬ ተነሳሁና በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ይሄ የባሌ ዘፈን ነው፣ ጃፓኖቹ ሰርቀውናል ብዬ ጮህኩ። አሰብን፣ መርከቡን፣ ፎቶግራፉን ሁሉ ነገርኳት። ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሰማችኝ። ማን እንደሰረቀ እንይ ብላ የሸክላውን ልባስ ገለበጠችው። ከጀርባው 1979 ይላል፤ በእኛ ሰባ አንድ ዓ.ም. መሆኑ ነው። አንተ ከእኔ ፎቶግራፍ ላይ ከማግኘትህ አምስት ዓመት በፊት! ልጅቱ ጨዋ ናት። ድምፁን ቀነስ አድርጋ ውኃ ሰጠችኝና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

መርከበኛ ሳለህ ጃፓን፣ ዮኮሃማ ስትመላለስ በካርቶን የምታመጣቸው ካሴቶች ትዝ አሉኝ። ምንድን ናቸው ብዬ ስጠይቅህ ባዶ ናቸው፣ ልቀርጽባቸው ነው አልከኝ። ለምን ላላምንህ? የጃፓኖቹ ዜማ ለእኛ ጆሮ የማይርቅ ሆነና የሚጠረጥር ሰው ጠፋ። ግጥሙ ያንተ ነው፣ እሱን አልነፍግህም። ዜማ በመውሰድህም እኔ ዳኛህ አይደለሁም፤ የጃፓኑ ሰውዬ ይቅር ይበልህ። የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው። ሌላ ሰው ሌላ ቦታ የዘፈነውን አምጥተህ ካንቺ የመጣ ነው አልከኝ፤ በዚያ አባቴን አጣሁ። «ይቺን ከጃፓን ሰምቻት ወደድኳት፣ ላንቺም ትሁን» ብትለኝ ምን ነበረበት? ያን ጊዜ እኮ እንዲያውም ምናልባት እከተልህ ነበር። ይህን ሳስበው ነው የሚያንገበግበኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሜትሮ አሌክሳንድሪያ ሶሊ ጋ ሄድኩ። እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ነበር። አባቷ ለእሷ ፎቶ አልላከ፣ ልደቷን አላወቀ፤ ያላት ያ ዘፈን ብቻ ነው። እያለቀስኩ ነገርኳት። አልደነገጠችም። እጄን ይዛ «አይ ኖው፣ ማሚ» አለችኝ። አሥረኛ ክፍል ሳለች ጀምሮ ታውቃለች።

ያኔ ትምህርት ቤቷ ውስጥ የጃፓን ካርቱን የሚያዩ፣ የጃፓን ዘፈን የሚያጠኑ አሜሪካውያን ልጆች ነበሩ፤ ጸጉራቸውን ሰማያዊና ሮዝ ቀብተው አዳራሽ ሙሉ ይሰበሰባሉ። ሶሊም ገባችበት። አማርኛ ከበደኝ የምትል ልጅ በጃፓንኛ ስትዘፍን ስሰማ እብድ ሆንኩ። ሲዲዋን ደበቅሁባት፣ ተቆጣኋት፣ ተሳልኩም። አንድ ቀን ሁሉንም ሰብስባ ለጓደኞቿ ሰጠችና ተወችው። ስለቴ ሠመረ ብዬ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ አገባሁ! እልል ተብሎልኛል።

ለካ ዘፈኑን ያን ሰሞን አግኝታው ኖሯል። እንደ እኔው ነው ያደረጋት። የአባቴ ዘፈን ጃፓን ደረሰ ብላ ለክፍሉ ልጆች ሁሉ ፎከረች። አንዱ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ቀኑን አሳያቸው። ዓመቱን ሙሉ ውሸታም እያሉ ሳቁባት። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ ስትዘፍኚው ደስ ይልሽ ነበር አለችኝ። ሌላ ምክንያት አልሰጠችኝም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየሠርጉ እኔ ሰው በክርኔ ስነካ፣ ያ ፈገግታዋ ይህን አውቃ ነው። ውሸቱ ያንተ ሆኖ ሳለ እኔን እንዳይጎዳኝ የያዘችው ልጅህ ናት። ኋላ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ጃፓንኛውን በደንብ ተማረችው፤ ቃሉ ምን እንደሚል ልታውቅ። ተረጎመችልኝ። ስለ ዝናብና ስለ ባቡር ነው። ስለ እኔ የሚያወራ የለበትም።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። መድረክ ላይ ወጥቼ አልናገርም። መቅረት ግን አልቀርም፣ ከፊት ወንበር ታገኘኛለህ።

አንድ የማታውቀው ነገር አለ። ሥዩም አንተን ለማስደነቅ ብሎ ሶሊን ያንን ዘፈን እንድትዘፍን ሲለምናት ሰንብቷል። ድምፅ እንዳላት ሰምቷል፤ ያ እንኳ ካንተ ነው። እምቢ ስትለው ቆይታ እሑድ ዕለት እኔ ፊት ደውላ እሺ አለችው። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረችና፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የምትመልስልኝ ልጅ፣ በአማርኛ በየትኛው ቋንቋ ልዝፈነው ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ አሰብኩ። አባቴንም፣ ኪዳኔንም፣ አንተንም አሰብኩ። መጀመሪያ በተዘፈነበት ቋንቋ ዝፈኚው አልኳት።

ሥዩም ያቀደውን አበላሸሁበት፤ ይቅር ይበለኝ። ግን ልጅህ አፍ አውጥታ ስትናገር መጀመሪያ የምትሰማው እዚያ ሕዝብ መሃል እንዲሆን አልፈለግሁም። የዝግጅቱን ወረቀት ልኮልኛል፣ አይቼዋለሁ። የአንተ ንግግር ከእራት በፊት ነው። ሶሊ የምትዘፍነው ከእራት በኋላ ነው።

የመድኃኔዓለም እጅ አይለይህ። ለጉልበትህ ብርታት፣ ለአንደበትህም ይስጥልኝ። በሰላም ግባ።

የልጅህ እናት