ማደንዘዣው ሳይለቅሽ የደወልሽው

ይድረስ ለልጄ ለትዝታ፤

ኢየሱስ ቁስልሽን ያድርቅልሽ፣ በሰው አገር ሰው ያድርግሽ። እኛ ደህና ነን። ገብሱ ታጭዷል፤ ቡሬዋ ላማችንም ወልዳለች።

የሐሞት ከረጢትሽ በኦፕራሲዮን መውጣቱን ትናንት ከወንድምሽ ከይሻው ሰማሁ። እሱ ከመጀመሪያው ያውቅ ኖሯል። እንደ መርዶ ደብቃችሁኝ ከረማችሁ። አንቺ ቢላ ሥር ተኝተሽ እኔ ጋፋት ወርጄ ከዘመዳችን ከሞላ ልጅ ሠርግ እልል እል ነበር።

የዚያን ለት ማታ ደውለሽ እየሳቅሽ አጫወትሽኝ። እኔ የልጆቼን ሕመም ከድምፃቸው አውቃለሁ ባይ ነበርሁ። ለካ ሐኪሙ በትንንሽ ቀዳዳ ሠርቶ ሲጨርስ ቁስሉ ላይ የማደንዘዣ መርፌ ወግቶሽ ኖሯል። ስቃይሽን ያቀለለልሽን ሐኪም እግዜር ይስጠው። አንቺ ግን መድኃኒቱ ሳይለቅሽ ቶሎ ብለሽ እናትሽን አታለልሽበት።

በማግሥቱ ትከሻዬን ወጋኝ ብትይኝ፣ ብርድ ነው፣ ቅቤ ተቀቢ አልሁሽ። ለካ ሐኪሞቹ ለሥራቸው ሲሉ ሆድሽን የነፉበት አየር ነው አሉ ትከሻ ድረስ የሚያመው። ይህን እያወቅሽ «እሽ እማ» አልሽኝ። ከሁሉ የቆረቆረኝ ይኸ ነው።

ከባድ ነገር አታንሺ፤ ቅባትም አታብዢ። ይሻውን አላናግረውም፤ እራቱን ግን አቀርብለታለሁ።

እመብርሃን ጤናሽን ትመልስልሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ሌላ ጊዜ ቢያምሽ፣ ማደንዘዣው ከለቀቀሽ በኋላ ደውይልኝ። መናገር ቢያቅትሽም አቃስችልኝ፤ እኔ እሰማሻለሁ።

እናትሽ ፈንታነሽ