ቀዳዳ ስላለበት ስለታሸገው ዱቄት

ለክቡር አቶ ዋሲሁን፣ የአዳዲስ መሣሪያዎች ፍተሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጭሮ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ጉልበትዎም ድኖ ደረጃ የሚያስወጣዎ ይሁን እያልኩ፣ እኔ ንብ አናቢው ጀምበሩ ከቀፎዎቼ መሐል ሆኜ አክብሮቴን አቀርባለሁ። ትምህርቴ ከሁለተኛ ክፍል አላለፈምና ፊደሉ ቢንጋደድ ይታገሡኝ፤ እርስዎን ማመስገን በሰው እጅ የሚያስጽፉት ነገር አልሆነልኝም።

ልጄ ገሊላ ኬሚስትሪ ተምራ ያበጀችውን ዱቄት መቻራ አጠገብ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ስትሞክረው ነበር። ዱቄቱ ብረት የሚባል የለበትም፤ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳው ግን በዓይን አይታይም። ጥቁር ጨርቅ ላይ ተቀብቶ ውሃ ውስጥ ሲገባና ከጣሪያው ሶላር ኤሌክትሪክ ሲያገኝ፣ ከውሃውና ከአየሩ ያንን ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚደፍቀውን ማጠቢያ ይሠራል። እርስዎም ድካም ሳይሉ እዚያ ድረስ ወርደው ዱቄቱ ያለበትን ክፍል በር አሸጉልን። እግዜር ይስጥልኝ። ቅሬታዬም ይኸው፦

አንደኛ፣ ብረት የሌለው ነገር መሣሪያ ተብሎ አይመዘገብም ብለው ጽፈዋል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ብረት ከወርቅ የማይተናነስ ውድ ነው አሉ፤ ልጅቷ ስትለፋ የከረመችው እሱን ለማስቀረት ነበር። አስቀድመው ቢነግሩን እኔ ቤት አንድ ያረጀ ዶማ አለ፣ ከጎኑ እናጋድምልዎ ነበር።

ሁለተኛ፣ ቀዳዳ ስላለበት ብልሽት ያለበት ዕቃ ነው ብለዋል። በየዓመቱ ከእኔ የሚወስዱት ማር ታዲያ ከምን ውስጥ የሚወጣ መስሎዎት ነው? ቀዳዳ የሚያሳሽግ ከሆነስ፣ ከገለምሶ መቻራ የሚወስደው መንገድ እስከ ዛሬ ማኅተምዎ ሳያርፍበት መቅረቱ ይገርመኛል።

ሦስተኛውን ባልጽፈው እወድ ነበር። ባለቤቴ ሳህሊቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እህቷን ልትጠይቅ እዚያው አገር ወርዳ ሳለ እግሯን ስለት ቆረጣት። የቁስል ማጠቢያ አልቆ ነበር፤ የጫነው መኪና ጭቃ ይዞት መንገድ ላይ አደረ፣ ቁስሉም አመርቅዞ ወሰዳት። መኪናው፣ ለመረጃዎ ያህል፣ ከላይ እስከ ታች ብረት ነው። ገሊላም ያን ጊዜ ነው ማጠቢያው እዚያው በሽተኛው ዘንድ ካልተሠራ ብላ የተነሣችው።

እንግዲህ ቡና ለቀማው ሳይደርስ፣ እጁንና እግሩን የሚቆርጠው ሰው ሳይበዛ፣ በሩን እንዲከፍቱልን ዝቅ ብዬ እለምናለሁ። ዝቅ ማለቱ ለወገቤ ነው እንጂ ለእርስዎ እንዳይመስልዎ።

ወንበርዎ ቀዳዳ እንዳያወጣና ራስዎን ለማሸግ እንዳይገደዱ ከልብ የሚመኝልዎ፣
ጀምበሩ፣ ንብ አናቢ

እንዳልረሳው፦ ሊያሽጉ ሲመጡ ሞተሩ ጉድጓድ ውስጥ ጥሎዎ ጉልበትዎ የተላጠ ጊዜ፣ ነርሷ ሞሚና ያጠበችልዎ ከዚያው ዱቄት በወጣው ነው፤ ሌላ አልነበራትምና ይቅርታ ጠይቅልኝ ብላኛለች፣ እየሳቀች። ቁስሉ ድኗል ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ብቻ ፈቃድ በሌለው ዕቃ የዳነ ጉልበት ነውና፣ ደንብዎ እንዳይጣስ እሱንም ያሽጉት።