ሦስት ጊዜ የገባ ጨው

ድሬዳዋ፣ መጋቢት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምትናፍቂኝ እማዬ፣

ጅቡቲ እንዴት ይዞሻል? ሙቀቱ ጀመረ ወይስ ገና ነው? እኛ ደህና ነን። አክስቴ እፀገነት ጉልበቷን አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏት እኔን መቆጣት ጀምራለች። ሦስት ቀን ስልክሽን ያላነሳሁት ታምሜ አይደለም፣ ፈርቼ ነው። በአፌ መናገር ስላቃተኝ ይኸው በወረቀት መጣሁ።

በምግብ ውድድሩ ተሸነፍን፣ እማ። ከስምንት ቡድን ሰባተኛ ወጣን። ስምንተኞቹም ጋዝ አልቆባቸው ነው።

ውላችንን አልረሳሁም። «የሰው ማድ ቤት ከእኔ ይብቃ» ብለሽ፣ ካሸነፍኩ ምግብ ዝግጅት መማሬን እንድቀጥል፣ ከተሸነፍኩ ግን ወደ ቢሮ አስተዳደር እንድዛወር ቃል አስገብተሽኛል። እሺ ያልኩሽ እንደማሸንፍ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። ትዕቢቴን ታውቂዋለሽ፤ ከማን እንደወረስኩት አክስቴን ጠይቂያት።

ቡድናችን ሦስት ነው፦ እኔ፣ የጎረቤታችን የእትዬ ሰምሰም ልጅ ኒምኮ፣ እና ዳጊ የሚባል የክፍላችን ልጅ። ዳጊ ሽንኩርት በከተፈ ቁጥር ለቅሶ ቤት የገባ ነው የሚመስለው። ከታይዋን ገበያ አንድ ዓይነት ቀይ ሽርጥ ገዛን። ልንሠራ የወሰንነው ባሪስ ነው፤ ያ እነኒምኮ ቤት የምንበላው የፍየል ሥጋ ያለው ሩዝ። ጥር ላይ ደጋግመን ሠርተን ጣታችንን ልሰናል።

ውድድሩ ግን ያለፈው ሐሙስ ዋለ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተከታትለው ገቡ አይደል? እኔና ዳጊ ሥጋ አንቀምስ፣ ኒምኮ ውኃም አትቀምስ። መምህራችን «ከሌላ ክፍል ቀማሽ ልስጣችሁ?» ሲሉን እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። «እናቴ ሳትቀምስ በጠረኑ ብቻ ጨው ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ» አልኳቸው። ሥጋውን ስቀቅል ጨዉን በእጄ ለክቼ አደረግሁና ኮርቼ ቆምኩ።

ዳኞቹ አንድ አንድ ማንኪያ ጎረሱ። ከዚያ ሦስቱም ውኃ ጠየቁ። አንዲቱ ትልቅ ሴት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እጅሽ ይሠራል። ያልቀመሱትን ለሰው ማቅረብ ግን ድፍረት ነው» አሉኝ።

ስንመለስ ድስቱን እኔና ዳጊ በሁለት ጆሮው ይዘን የደቻቱን ድልድይ እንሻገራለን። መሃል ላይ ዳጊ ቆመ።

«ስሙኝማ… ውኃው ሲፈላ ትንሽ ጨው ጨምሬበት ነበር። ስምረት የረሳች መስሎኝ።»

ኒምኮ አፈጠጠችበት። «ዋርያ ዳጊ! ወላሂ እኔም ሩዙ ሲገባ ጨምሬያለሁ! ስምረት እንዳታፍር ብዬ ነዋ፣ ቀስ ብዬ።»

«አቦ ተዉኝ!» አልኩ። ልቆጣ ነበር፣ ሳቄ ቀደመኝ። ድስቱን አስቀምጠን፣ ባጃጆቹ ጡሩምባ እየነፉብን፣ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። የእኔ እንባ ግን ሳቁ ካለቀም በኋላ አልቆም አለ። ኒምኮ በሽርጧ ጠረገችልኝ።

ያንቺን እጅ የያዝኩ መስሎኝ ነበር። አንቺ ዛሬ ሳትቀምሺ የምትሠሪው ሃያ ዓመት ቀምሰሽ ነው። ይህ የገባኝ እዚያ ድልድይ ላይ ነው።

በማግስቱ እነኒምኮ ቤት ለኢፍጧር የምስር ሳምቡሳ ሠራን። ምስር ለሁላችንም ይሆናል። የጨው ዕቃውን ብብቴ ሥር ይዤ ዋልኩ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾሜን ፈታሁና ቀመስኩ፣ ጨመርኩ፣ ደግሞ ቀመስኩ። አዛን ሲባል እትዬ ሰምሰም ከቴምሩ በኋላ አንዷን በሉ። እኔ እጃቸውን አያለሁ። ሁለተኛዋን ሲያነሱ ነው የተነፈስኩት።

ግንቦት ላይ ሌላ ውድድር አለ፤ ያኔ ሁለቱም ጾም ያልቃል። ኒምኮና ዳጊ መመዝገቢያው ላይ ስማቸውን በእስክሪብቶ ጽፈዋል። የእኔን በእርሳስ ጻፍኩት።

ቃሌን አላጥፍም፣ እማ። ሂጂ ካልሽኝ እሄዳለሁ። ግን ሳትቀምሺ አትፍረጂብኝ። የኒምኮ አጎት ዐብዲቃድር ነገ የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ ጅቡቲ ይወጣል። የዛሬ አራት ዓመት ትተሽው በሄድሽው ሰማያዊ ዕቃ ስድስት ሳምቡሳ ልኬልሻለሁ። የጾም ነው፣ አይዞሽ። ስለ ሰው ማድ ቤት ያልሽው እውነት ነው፤ በስልክ ድምፅሽ ሲደክም እሰማለሁ። እኔ የማስበው ማድ ቤት ግን የሰው አይደለም። እዚሁ ድሬ ነው፤ አንቺ ታዥበታለሽ፣ እኔ እቀምሳለሁ።

ዕቃውን በዐብዲቃድር እጅ አትመልሺው። ባዶ ዕቃ አይመለስም ትዪኝ ነበር፤ ምን ልጨምርበት ብለሽ ግን አትጨነቂ። ለፋሲካ ራስሽ ይዘሽው ነይ። ፍርድሽንም ያኔ ንገሪኝ፤ እስከዚያ እርሳሱ ይቆያል።

አምላክ እጅሽን ከእሳት፣ ልብሽን ከሐሳብ ይጠብቅልኝ።

ጨው ያበዛችው ልጅሽ
ስምረት